ከወዳደቀ ጠንካራ እንጨት ዋንጫና የወጥ ቤት ዕቃ በቶርኖ ማውጣት፦ ለምን ይሰነጠቃል? ለምን ያፈስሳል? እንዴት ይሠራል?

በቶርኖ የተሠራ የእንጨት ዋንጫ በተጠናቀቀ በሳምንቱ ከከንፈሩ ጀምሮ ሲሰነጠቅ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በቁራጩ ላይ ይላከካል፤ «ትርፍራፊ እንጨት ስለሆነ ነው፣ ከደህና ግንድ ቢወጣ ኖሮ አይሰነጠቅም ነበር» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ከአናጢ ቤት ወለል ላይ የተነሳ ደረቅ ቁራጭ፣ ትናንት ከተቆረጠ ግዙፍ ግንድ የተሻለ ዋንጫ ሊወጣው ይችላል። ዋንጫ የሚሰነጠቀው፣ የሚያፈስሰው፣ እግሩ የሚቀነጠሰው፣ ፊቱ የሚሻክረው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፦ በእንጨቱ ውስጥ በቀረው ውሃ እና በቃጫው አቅጣጫ። የመሮ አያያዝ በልምድ ይመጣል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ማሽኑ ሳይነሳ በፊት ማወቅ ይቻላል።

ቶርኖው ምን ያደርጋል?

በሌላው የእንጨት ሥራ ስለቱ ይንቀሳቀሳል፣ እንጨቱ ይቆማል። በቶርኖ ተቃራኒው ነው፤ እንጨቱ ይሽከረከራል፣ ሠራተኛው ደግሞ መሮውን በብረት ማሳረፊያ ላይ አስደግፎ ቀስ እያለ ያስጠጋዋል።

ማሽኑ በግራ በኩል ሞተሩና የሚሽከረከረው ዘንግ ያሉበት ራስጌ አለው። በቀኝ በኩል ረጅም እንጨት ከጫፉ የሚደገፍበት፣ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ግርጌ አለ። በሁለቱ መካከል የመሮ ማሳረፊያው ይቆማል። ከእነዚህ ሌላ ማንድሪኖ ያስፈልጋል፤ ከራስጌው ዘንግ ላይ ታስሮ በአራት መንጋጋው የእንጨቱን አንድ ጫፍ ነክሶ የሚይዝ ክፍል ነው። ዋንጫ ከአፉ ስለሚቦረቦር አንዱ ጫፉ ነጻ መሆን አለበት፤ ያለ ማንድሪኖ ይህን ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

ፍጥነትን ለመወሰን ቀላል ስሌት አለ። የእንጨቱ ስፋት በሴንቲሜትር፣ በደቂቃ በሚዞረው ዙር ሲባዛ ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው መካከል ይሁን። 8 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ዋንጫ በደቂቃ 2,000 ዙር ይስማማል፤ ለ20 ሴንቲሜትር ሳህን ግን 800 ዙር ይበቃል። ስፋቱ የሚቆጠረው ለምንድን ነው? በ2,000 ዙር የዋንጫው ጠርዝ በሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የሳህኑ ጠርዝ ግን በዚያው ዙር 21 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት የተፈናጠረ ሳህን ሰው ይገድላል። ማዕዘኑ ገና ያልተነሳ ወይም ሚዛኑ ያልተስተካከለ ቁራጭ ደግሞ ስሌቱ ከሚሰጠው ግማሽ በታች ይጀመራል።

«ጠንካራ እንጨት» የትኛው ነው?

ይህ አጠራር ብዙ ሰው ያሳስታል። በእንጨት ሥራ «ጠንካራ» እና «ለስላሳ» የሚባለው በዛፉ ዓይነት እንጂ በእንጨቱ ጥንካሬ አይደለም። እንደ ወይራ፣ ኦክ፣ ዋልነት፣ ሜፕል፣ ቢችና ባሕር ዛፍ ያሉት ሰፊ ቅጠል ያላቸው ጠንካራ ይባላሉ፤ እንደ ጥድ ያሉት መርፌ ቅጠል ያላቸው ደግሞ ለስላሳ። በጥፍር የሚጫረው ቀላሉ ባልሳ እንኳን በዚህ አከፋፈል «ጠንካራ» ነው። ስለዚህ ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ለዋንጫና ለምግብ ዕቃ የሚፈለገው ቀዳዳው ደቃቅ፣ ቃጫው የተጠጋጋ እንጨት ነው። ወይራ፣ ሜፕል፣ ቢችና ቼሪ ጥሩ ናቸው።

እንጨት ውስጡ ምን ይመስላል?

የእንጨት ቁራጭን እንደ ነዶ ማሰብ ይጠቅማል፤ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ባዶ ገለባዎች በአንድ አቅጣጫ ተደርድረውና ጎን ለጎን ተጣብቀው የታሰሩበት ነዶ። ገለባዎቹ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል ያመላልሱ የነበሩ ሕዋሳት ናቸው። ከዚህ በኋላ የገለባዎቹ ጎን የሚታይበትን የእንጨት ፊት «ጎን»፣ ጫፋቸው የተከፈተበትን ፊት «አፍ» እንላለን።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። ነዶ በቁመቱ ቢስቡት አይበጠስም፤ ጎንና ጎኑን ይዘው ቢስቡት ግን በቀላሉ ይለያያል። ስለዚህ ቀጭን የዋንጫ እግር ቃጫው በቁመቱ ካልሄደ በጣት ግፊት ይቀነጠሳል። ፈሳሽም የሚገባው በአፍ በኩል ነው። የዋንጫ ጉድጓድ ወለል አፍ ስለሆነ የፈሰሰበት ነገር ገለባዎቹን ተከትሎ ወደ እግሩ ይወርዳል። ቀይ ኦክን አጭር ቁራጭ ወስዶ አንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሮ በሌላው ቢነፉበት አረፋ ያወጣል፤ እንዲህ ያለ እንጨት ምንም ቢያምር መጠጥ አይይዝም። ነጭ ኦክ በአንጻሩ ቧንቧዎቹ በተፈጥሮ የተደፈኑ ስለሆኑ የወይን በርሜል ይሠራበታል። የስም ዝምድና ለዕቃ ሠሪው ዋስትና አይሆንም።

ቁራጩ ቶርኖ ላይ የሚታሰረው በሁለት መንገድ ነው። በቁም ሲታሰር ቃጫው ከራስጌ ወደ ግርጌ ይሄዳል፤ ዋንጫ፣ ዘነዘና፣ የሊጥ መዳመጫና የማንኪያ እጀታ በዚህ ይወጣሉ። በአግድም ሲታሰር ቃጫው የማሽኑን ዘንግ ያቋርጣል፤ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ እንዲህ ይወጣሉ፤ ሰፊ ሳንቃ የሚገኘው በዚያ አቅጣጫ ነውና።

መሮው በየት አቅጣጫ ይሂድ?

ደንቡ አንድ ነው፤ የሚቆረጠው ገለባ ከበታቹ ገና ያልተቆረጠ ገለባ ሊደግፈው ይገባል። ድጋፍ ያጣ ገለባ አይቆረጥም፣ ይነጫል፤ ፊቱም ሻካራ ሆኖ ይቀራል።

በቁም ለታሰረ እንጨት ይህ ማለት ውጪው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይቆረጣል፣ ውስጡ ደግሞ ከመሐል ወደ ከንፈር። በአግድም ሲታሰር ይገለበጣል፦ ውጪው ከመቀመጫው ወደ ከንፈር፣ ውስጡ ከከንፈር ወደ መሐል። ፊቱ የተነጨበት ሰው በቅድሚያ አቅጣጫውን ይመርምር፤ ቀጥሎ የመሮውን ስለት። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ የተነጨ ቃጫ በወረቀት አይጠፋም።

ውሃው ለምን ይሰነጥቀዋል?

በእንጨት ውስጥ ያለው ውሃ ሁለት ቦታ ይገኛል፦ በገለባዎቹ ባዶ ክፍል እና በግድግዳቸው ውስጥ። ሲደርቅ ቀድሞ የሚወጣው በባዶው ክፍል ያለው ነው፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። የእርጥበቱ መጠን ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ግድግዳዎቹ መድረቅ ይጀምራሉ፤ መኮማተርም ከዚያ ይነሳል።

መኮማተሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢሆን ኖሮ ዕቃው ትንሽ ያንስ ነበር እንጂ አይሰነጠቅም ነበር። ግን እኩል አይደለም። አብዛኛው እንጨት ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ ከ6 እስከ 10 በመቶ፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን ከ0.2 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ሳህን ከእርጥብ እንጨት ወጥቶ ሲደርቅ ቃጫውን በሚያቋርጠው በኩል እስከ 1.6 ሴንቲሜትር ሊያጥር ይችላል፤ በቃጫው ቁመት በኩል ግን ከ0.04 ሴንቲሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል። ግድግዳው ወፍራም ከሆነና መታጠፍ ካቃተው ደግሞ ይሰነጠቃል።

የግንዱ እምብርት ያለበት ቁራጭ ከሁሉ የከፋ ነው። ቀለበቶቹ እምብርቱን ሙሉ ስለሚዞሩት መኮማተሩ መውጫ የለውም፤ አንድ ቦታ ላይ መከፈቱ የግድ ነው። ከቅርንጫፍ ሙሉ ክብ ወስዶ ዋንጫ ማውጣት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ እምብርቱ በመሐል እስካለ ድረስ ዋንጫው የመሰንጠቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እንጨቱ በመሐሉ ተሰንጥቆ እምብርቱ ይጣል፤ ከየግማሹ አንዳንድ ቁራጭ ይውጣ።

በአፍ በኩል ውሃ የሚወጣው በጎን ከሚወጣው ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጥኖ ነው። ጫፉ ደርቆ መኮማተር ሲጀምር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ስንጥቁ ከጫፍ ይነሳል። ለዚህ ነው እርጥብ ቁራጭ እንደተቆረጠ በዚያው ቀን ሁለቱ ጫፎቹ በቀለጠ ሰም ወይም በወፍራም ቀለም መሸፈን ያለባቸው። በነጋታው ሲሆን ስንጥቁ ጀምሯል።

መድረቁ በምን ይታወቃል?

አስተማማኙና ርካሹ መሣሪያ ሚዛን ነው። ቁራጩ ይመዘናል፣ ክብደቱና ቀኑ በራሱ ላይ ይጻፋል፣ በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ቁጥሩን በትክክል ማወቅ የፈለገ ሰው ትንሽ ናሙና በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያደርቃል፤ የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት ያካፍላል። 100 ግራም የነበረው 88 ግራም ከሆነ 12 ለ88 ሲካፈል እርጥበቱ 13.6 በመቶ ነበር። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ከ8 እስከ 12 በመቶ ተስማሚ ነው።

የቁርጥራጭ ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከቤት ዕቃ ወይም ከወለል ንጣፍ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ በምድጃ የደረቀ ነው፤ በሥራ ቦታው ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ሊሠራበት ይችላል። ከማገዶ የተመረጠ ቁራጭ ግን በተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት በጥላ ሥር አየር እያገኘ ይቆያል።

የትኛው ቁራጭ አይነካም?

በዚህ ላይ ቸልታ አያስፈልግም፤ ከዕቃው የሚበላና የሚጠጣ ሰው አለና። አሮጌ ቀለም የተቀባ እንጨት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሲሽከረከርና ሲፈገፈግ ደግሞ እርሳሱ ብናኝ ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይገባል። አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ከምስጥና ከብስባሽ እንዲጠበቅ በኬሚካል የተነከረ የውጪ እንጨት አርሰኒክ ሊይዝ ይችላል። የባቡር ሐዲድ ተጋዳሚ ክሪዮሶት የተባለ መርዛማ ቅባት ጠጥቷል። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ላይ ያለው ማኅተም ይነበብ፤ «ኤች ቲ» ማለት በሙቀት የታከመ፣ «ኤም ቢ» ማለት በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ሁለተኛው ይቅር። ማኅተሙ «ኤች ቲ» ቢሆንም ፓሌቱ ላይ ምን እንደፈሰሰበት ስለማይታወቅ ለጌጥ እንጂ ለምግብ ዕቃ አይመከርም።

ዓይነቱ የማይታወቅ እንጨት ለጌጥ ይዋል። ደንዳና ሆኖ መርዛማ የሆነም አለ፤ ኦሊያንደር የተባለው የአትክልት ቁጥቋጦ መርዛማ ስለሆነ ማንኪያም ዋንጫም አይሆንም። እንደ ሮዝውድ ያሉ ቅባታም እንጨቶችም ብናኛቸው የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ መተንፈሻውን ያስቆጣል። በመጨረሻም ማንኛውም ያገለገለ ቁራጭ በማግኔት ይፈተሽ። ውስጡ የቀረ ሚስማር ስለቱን ይሸርፋል፣ አንዳንዴም ተፈናጥሮ ይወጣል።

ዋንጫው ደረጃ በደረጃ እንዴት ይወጣል?

ለመጀመሪያ ሥራ 7 በ7 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ጉጥ የሌለበት፣ ቃጫው ቀጥ ያለ ቁራጭ ይመረጥ። የጎኑ መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታዩ፤ መሐል ላይ ወደ ጎን የሚወጡ ከሆነ እግሩ በዚያ ቦታ ይቀነጠሳል። በሁለቱም ጫፍ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስመር ተሰምሮ መሐሉ ይገኛል፤ ቁራጩ በራስጌና በግርጌ መካከል ይታሰራል። ማሳረፊያው ከእንጨቱ 5 ሚሊሜትር ገደማ ርቆ ይቁም። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት እንጨቱ በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ይዙር፤ ማዕዘኑ ማሳረፊያውን ከነካ ያኔ ይታወቃል። ማሳረፊያው የሚንቀሳቀሰው ማሽኑ ቆሞ ብቻ ነው።

በ800 ዙር ተጀምሮ በሰፊው ጎድጓዳ መሮ ማዕዘኖቹ ይነሳሉ፤ ክብ ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 2,000 ይወጣል። በአንደኛው ጫፍ ማንድሪኖው የሚነክሰው መያዣ ጉቶ ይወጣል፤ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 7 ሚሊሜትር ይሁን። ጉቶው ከማንድሪኖው ወለል ጋር መነካካት የለበትም፤ የሚያርፈው ትከሻው፣ ማለትም በጉቶው ዙሪያ ያለው ጠፍጣፋ ደረጃ፣ በመንጋጋዎቹ ፊት ላይ ነው። ትከሻው ቀጥ ካላለ ዋንጫው ሥራው መሐል ላይ ይወላገዳል፤ ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው በዚህች ትንሽ ትከሻ ነው።

ቁራጩ በማንድሪኖ ከተያዘ በኋላ መጀመሪያ የሚሠራው ውስጡ ነው። ቅደም ተከተሉ አይቀያየርም፦ ሥራው ሁልጊዜ ከነጻው ጫፍ ወደ ማንድሪኖው ይሄዳል፤ ያለፉበት ክፍል ቀጥኖ ስለሚቀር ወደኋላ ተመልሶ መንካት አይቻልም። 10 ሚሊሜትር ፑንታ ግርጌው ላይ ታስሮ፣ በ500 ዙር፣ ለመሐሉ ቀዳዳ ይሰጠዋል። ፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት ተደርጎ 6 ሴንቲሜትር ላይ ይቆም፤ ፍቅፋቂው እንዲወጣ ቶሎ ቶሎ ይመለስ። ከቀዳዳው እየተነሱ በቀጭን ጎድጓዳ መሮ ወደ ከንፈሩ ይጠረጋል። ለማለስለስ ክብ አፍ መፋቂያ ይገባል፤ ስለቱ ከመሐል መስመር ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አፍንጫው ዝቅ ብሎ ይያዝ። ድንገት ቢወርድ ወደ ባዶው ይሄዳል እንጂ እንጨቱን አይነክስም። ውስጡ በወረቀት ተፈግፍጎ ሙሉ በሙሉ ካላለቀ ወደ ውጪ አይታለፍም።

ቀጥሎ የጉድጓዱ ጥልቀት በውጪው ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። የጉድጓዱ ውጪ ይቀረጻል፤ ግድግዳው ወደ 3 ሚሊሜትር፣ ወለሉ ግን ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ይተው፤ ወለሉ አፍ ስለሆነ መሳሳቱ አይበጀውም። ውፍረቱ በካሊፐር የሚለካው ማሽኑ ቆሞ ነው። ከዚያ ጉድጓዱ በተጨማደደ ተራ ወረቀት ተሞልቶ ግርጌው ቀስ ብሎ ይጠጋና ይደግፈዋል።

እግሩ ከላይ ወደ ታች፣ በየ2 ወይም 3 ሴንቲሜትሩ ይሠራል። እያንዳንዱ ክፍል ወደ መጨረሻ ውፍረቱ ይደርሳል፣ ይፈገፈጋል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ለጀማሪ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። እግሩ እየቀጠነ ሲሄድ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ፊቱ ላይ ጠመዝማዛ ሸንተረር ይወጣል፤ መሮውን መጫን ያባብሰዋል። መሮውን መሳል፣ የሚነሳውን ማሳነስና ፍጥነቱን ትንሽ መለወጥ ግን ይረዳል።

መቀመጫው ከከንፈሩ ስፋት ከሦስት አራተኛ በታች ከሆነ ዋንጫው በቀላሉ ይወድቃል። ከሥሩ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይበል፤ ያኔ በጠርዙ ብቻ ስለሚቀመጥ አይንገዳገድም። በመቁረጫ መሮ 10 ሚሊሜትር ያህል እስኪቀር ተቆርጦ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ የቀረው በእጅ መጋዝ ይለቀቃል።

መሮው ለምን ይነክሳል?

መሮ «ነከሰ» የሚባለው ስለቱ በድንገት ተስቦ እንጨቱ ውስጥ ሲቀበር ነው፤ ዋንጫ ይሰብራል፣ እጅም ይመታል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ድጋፍ ማጣት ነው። ከስለቱ ጀርባ በመሳያ ድንጋይ የተሞረደ ዘንበል ያለ ፊት አለ፤ ተዳፋት እንበለው። መሮ ሲቀርብ መጀመሪያ ማሳረፊያውን፣ ቀጥሎ በተዳፋቱ እንጨቱን ይነካል፤ ከዚያ እጀታው ቀስ ብሎ ከፍ ሲል ስለቱ መቁረጥ ይጀምራል። ስለቱ ቀድሞ ከገባ ይነክሳል። የተዳፋቱ ማዕዘን ለቀጭኑ ጎድጓዳ መሮ 40 ዲግሪ፣ ለሳህን መሮ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው።

የሚወጣው ረጅም ፍቅፋቂ መሆኑ ቀርቶ ብናኝ ከሆነ መሮው ደንዝዟል። በጠንካራ እንጨት ላይ ይህ በየጥቂት ደቂቃው ይመጣል፤ መሳል የሥራው አካል ነው።

የወጥ ቤት ዕቃዎቹስ?

በቁም የሚወጡት ቀላል ናቸው። የሊጥ መዳመጫ 5 ሴንቲሜትር ስፋትና 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ካለው ቁራጭ ይወጣል፤ ልዩ ጥበቡ እኩልነቱ ብቻ ስለሆነ በየ5 ሴንቲሜትሩ በካሊፐር ይለካ። የማንኪያ እጀታ በቶርኖ ይወጣል፤ ጎድጓዳው ግን በእጅ በቆልማማ ቢላ ይቦረቦራል።

ሳህን ሌላ ጥንቃቄ አለው። ለማስጀመሪያ የሚያገለግለው ሰፊው ጎድጓዳ መሮ በአግድም የታሰረ እንጨት ላይ ፈጽሞ አይነካ፤ ወደ እጀታው የሚገባው ብረቱ ቀጭን ስለሆነ ሲነክስ ሊሰበርና ሊፈናጠር ይችላል። ለሳህን ወፍራም አንገት ያለው የሳህን መሮ አለ። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ሳህኑ በሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ የግድግዳው ውፍረት የስፋቱ አንድ አሥረኛ ሆኖ ይወጣል፣ ለምሳሌ ለ20 ሴንቲሜትር 2 ሴንቲሜትር። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ለወራት ይደርቃል፤ ሞላላ ከሆነ በኋላ እንደገና ታስሮ ወደ 7 ሚሊሜትር ይወርዳል።

ትናንሽ ቁርጥራጮችን አጣብቆ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ የሚያምሩት ብዙዎቹ ዕቃዎች የሚወጡትም ከዚህ ነው። ቅድመ ሁኔታው የሁሉም ቁራጭ ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዱ ነው። አንዱ በቁም፣ ሌላው በአግድም ከተጣበቀ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ስለማይከተለው ኮላው ወይም እንጨቱ ይለቃል። ኮላው ቢያንስ «ዲ3» የሚል የውሃ መቋቋም ደረጃ ይኑረው፤ በሞርሴቶ ታስሮ 24 ሰዓት ሳይቆይ ቶርኖ ላይ አይውጣ።

ቀለበት ከቁርጥራጭ ሲገጣጠም ሒሳቡ እንዲህ ነው። 360 ዲግሪ ለቁራጮቹ ቁጥር ይካፈልና ለሁለት ይከፈላል፤ 12 ቁራጭ ከሆነ እያንዳንዱ ጫፍ በ15 ዲግሪ ይቆረጣል። ከመሐል እስከ ውጪ 5 ሴንቲሜትር ለሆነ ቀለበት የእያንዳንዱ ቁራጭ የውጪ ጎን 2.7 ሴንቲሜትር ይሆናል። ስህተቱ ግን ይደማመራል፤ መጋዙ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት 24 ቁርጥ ስላለ በመጨረሻው መጋጠሚያ ላይ 12 ዲግሪ ክፍተት ይመጣል። ለዚህም ከማጣበቁ በፊት ቀለበቱ ያለ ኮላ ተገጥሞ ይታይ።

ብናኙ ለምን ያሳስባል?

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ ጉዳቱ በተለይ በአፍንጫ ውስጥ ይታያል። ከመሮ የሚወጣው ፍቅፋቂ ብዙ አያሰጋም፤ አደገኛው ወረቀት የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ ነው። የብናኝ ጭንብል፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍን መከላከያና የተከፈተ መስኮት ወይም መምጠጫ ያስፈልጋል። ጓንት፣ ረጅም ልቅ እጅጌ፣ ቀለበትና ያልታሰረ ፀጉር ግን ከቶርኖ ይራቁ፤ የሚሽከረከረው እንጨት ጠምጥሞ ይጎትታል። ማሽኑ ሲነሳ ከእንጨቱ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቆማል።

ብርጭቆ ወረቀቱ ከ120 ተነስቶ በ180፣ በ240 እና በ320 ያልፋል፤ አንዱን መዝለል የቀደመውን ጭረት ይተዋል። ፍጥነቱ ዝቅ ይበል፣ ወረቀቱም አይጫን። የጋለ አፍ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል፤ ጣት የሚያቃጥል ሙቀት እንጨቱንም ይጎዳዋል። የምግብ ዕቃ ከሆነ በመጨረሻ በውሃ ረጥቦ ይድረቅና የቆመው ቃጫ በመጨረሻው ወረቀት ይነሳ፤ ካልተደረገ በመጀመሪያው እጥበት ይሻክራል።

ዘይት ውሃ እንዳይገባ ያደርገዋል?

አያደርግም፤ የውሃውን አገባብ ያዘገየዋል እንጂ አይዘጋውም። የምግብ ማብሰያ ዘይት ደግሞ ስለማይደርቅ ከጊዜ በኋላ ይከረፋል። የሚደርቁት የተልባ፣ የተንግና የዋልነት ዘይት ናቸው፤ በስሱ ተቀብተው ትርፉ ተጠርጎ ለሳምንታት ይቆያሉ። «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ማድረቂያ ብረታ ብረት ስለሚጨመርበት ለምግብ ዕቃ ያልተጨመረበት ይመረጣል። የዋልነት ዘይት የዋልነትና የመሰል የዛፍ ፍሬዎች አለርጂ ላለበት ሰው አይስማማም። ለማንኪያና ለሳህን ቀላሉ አራት እጅ ለምግብ የተፈቀደ የማዕድን ዘይትና አንድ እጅ ሰም አብሮ አቅልጦ መቀባት ነው።

መጠጥ የሚቀዳበት ዋንጫ ግን ውስጡ ለምግብ በተፈቀደ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ ቢሸፈን ይሻላል። ሰም በ65 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ትኩስ መጠጥ ያስወጣዋል፤ ሼላክ የተባለውን የእንጨት ቫርኒሽ ደግሞ አልኮል ያሟሟዋል። ካልተሸፈነ ዋንጫው ለጌጥ ወይም ለቀዝቃዛ ነገር፣ ለአጭር ጊዜ ይዋል።

የሚደርቅ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከቤት ውጪ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም በውሃ ተነክሮ በብረት ዕቃ ይከደን። ዕቃው በአገልግሎት ላይ ሳለ በእጅ ታጥቦ ወዲያው ይደረቅ፤ ውሃ ውስጥ አይቆይ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አይግባ። ፊቱ ሲገረጣ እንደገና ዘይት ይቀባ። ምግብ የሚነካ ፊት ላይ ስንጥቅ ከወጣ ግን ውስጡ ስለማይታጠብ ዕቃው ከምግብ አገልግሎት ይውጣ።